ክልል ሲጨመር፣ ሲቀነስ ወይም ሲከፈል የጋራው ሥራ የማን ይሆናል?

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



አንድ ፌዴራላዊ አገር በውስጡ ያሉትን ክልሎች ቁጥር ሊጨምር፣ ሊቀንስ ወይም አንዱን ከሌላው ሊለይ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ባለፉት ዓመታት በምክር ቤቶች፣ በጋዜጦችና በየሰው ቤት ብዙ ተብሎበታል። የሕግ ሊቃውንት ከመብት፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ካለፈው ዘመን፣ ፖለቲከኞችም ከሥልጣን አንጻር መርምረውታል። የመሐንዲሶች ድምፅ ግን በጉዳዩ ላይ እምብዛም አልተሰማም። ይህ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም ወሰን በተሰመረ ቁጥር የሚቆረጠው መንገድ፣ የውሃ ቱቦ፣ የፍሳሽ መስመርና ግድብ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ለአንድ ወገን ወግኖ በሌላው ላይ መፍረድ አይደለም። ክልል መጨመርም ሆነ መክፈል በራሱ ደግ ወይም ክፉ ተብሎ ሊበየን አይችልም። ሊታይ የሚገባው ዋና ነገር፣ አዲሱ ወሰን የሚያቋርጣቸው የጋራ ሥራዎች ባለቤታቸው፣ ጠባቂያቸውና ከፋያቸው አስቀድሞ በጽሑፍ ተለይቶ መታወቁ ነው። ይህ በታወቀበት ቦታ አዲስ ወሰን ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ሲያልፍ ታይቷል። ባልታወቀበት ቦታ ግን ዋጋው በሰው ሕይወት ጭምር ተከፍሏል።

ሀ. ካርታው ስንት ጊዜ ተለወጠ?

በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ኢትዮጵያ በ14 ጠቅላይ ግዛቶች የተከፈለች ነበረች። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ካርታው ወደ 24 የአስተዳደር አካባቢዎችና 5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ተለወጠ። በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት 14 ክልሎችን አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ከእነዚህ ውስጥ በቁጥር ከ7 እስከ 11 የሚጠሩት አምስቱ ተጣምረው የደቡብ ክልል ሆኑ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የፌዴሬሽኑን አባል ክልሎች ዘጠኝ አደረጋቸው፤ ዛሬ ግን ቁጥራቸው 12 ደርሷል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ግልጽ ነው። ቁጥሩ የተቀደሰ አይደለም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ ተለውጧል፤ ወደፊትም አይለወጥም ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው አባልን በመቀነስ ረገድ ካለፈው መራራ ታሪክ ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ እንደ ማንኛውም ጠቅላይ ግዛት እንድትተዳደር ተደረገ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሥራው ቀላል ነበር፤ ዳሩ ግን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ለዘለቀው ጦርነት ዐቢይ ምክንያት ሆነ። ኤርትራም ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ሆነች። አንድን የፌዴሬሽን አባል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሰረዝ፣ ከቤት ውስጥ የሚያናድድ ምሰሶ ነው ተብሎ ሸክሙን ሳይመረምሩ እንደ መንቀል ያለ ነው።

ለ. ሕጉ የከፈተው በርና ሳይጽፈው የቀረው ነገር

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት በክልሎች ውስጥ ያሉ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በማናቸውም ጊዜ የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት አላቸው። ሥነ ሥርዓቱም ተዘርዝሯል። ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተደግፎ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል። የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። የብዙኃኑ ድምፅ ከደገፈውም ክልሉ ሥልጣኑን ለጠያቂው ያስረክባል፤ አዲሱ ክልልም ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል።

ለመሐንዲስ ዐይን ግን በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አለ። ስለ መገንጠል የሚናገረው አንቀጽ 39፣ በመጨረሻው ሁኔታ ላይ የንብረት ክፍፍል በሕግ መሠረት መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 47 ግን ሥልጣን ስለ ማስረከብ እንጂ ንብረት ስለ መካፈል አያነሣም። ከአገር ለሚወጣ የንብረት ክፍፍል ታስቦለታል፤ በአገር ውስጥ ለሚለይ ግን አልታሰበለትም ማለት ነው። የሕጉ አርቃቂዎች ምናልባት በአንድ አገር ውስጥ እስከሆነ ድረስ ነገሩ በስምምነት ያልቃል ብለው ገምተው ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ክፍተቱ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ክልል የመሆን ጥያቄውን አጸደቀ። አንድ ዓመት ሲሞላም ቀኑ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ላይ ዋለ፤ 11/11/11 እየተባለ የሚነገረውም ይኸው ዕለት ነው። ሕዝበ ውሳኔው በዚያ ጊዜ ሳይደራጅ በመቅረቱ በተነሣው ሁከት የብዙ ሰዎች ሕይወት አለፈ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ ከ98 በመቶ በላይ የሆነው ሕዝብ ክልልነቱን ደገፈ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ አሥረኛ ክልል ሆነ። በመካከሉ ትልቁ የተግባር ጥያቄ ሐዋሳ ነበረች። ከተማዋ የሲዳማም የደቡብ ክልልም መቀመጫ ስለ ነበረች፣ ለተወሰነ ዘመን የሁለቱም ሆና እንድትቆይ ስምምነት ተደረገ። ነገር ግን ዘመኑ ሳያልቅ የደቡብ ክልል ራሱ ከካርታ ጠፋ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ጌዴኦ፣ ኮንሶና አምስት ልዩ ወረዳዎች የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልን መሠረቱ። የቀሩትም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተባሉ።

በዚህ ሂደት ውስጥ ለየብቻቸው ክልል ለመሆን የጠየቁ እንደ ወላይታና ጉራጌ ያሉ ዞኖች ከሌሎች ጋር ተጣምረዋል፤ ቅሬታውም ገና አልበረደም። አዲሶቹ ክልሎች ደግሞ ቅሬታን ለማብረድ ሲሉ ዋና ከተማን ለብዙ ከተሞች አከፋፍለዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ለምሳሌ አስተዳደሩ በወላይታ ሶዶ፣ ምክር ቤቱ በአርባ ምንጭ፣ ሌሎች ተቋማትም በሌሎች ከተሞች እንዲቀመጡ ተደርጓል። ይህ አሠራር ክብርን ለማከፋፈል ይጠቅማል። መንገዱ፣ ነዳጁ፣ የቢሮው ግንባታና የባለጉዳዩ ምልልስ ግን የሚከፈለው ከዚያው ከውስን በጀት ነው።

ሐ. አንድ ግድብ፣ ሁለት ክልል

የክልሉ መከፈል ያላናወጠው አንድ ታላቅ ሥራ በዚያው በደቡብ ይገኛል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ 243 ሜትር ከፍታና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ የተሠራበት የኦሞ ወንዝ ሸለቆ ወላይታን ከዳውሮ የሚለይ ነው። ሲሠራ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ክልል ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ዳውሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ስለሚገኙ፣ ግድቡ አንድ ትከሻውን በአንዱ ክልል፣ ሌላውን በሌላው ላይ አሳርፎ ቆሟል። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ተርባይኑ አልቆመም። ባለቤቱ አስቀድሞ የታወቀ የፌዴራል ተቋም በመሆኑ፣ ጠባቂውም ከፋዩም በወሰኑ መለወጥ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ከሕንፃ ሥራ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ረጅም ሕንፃ ያለ ኤክስፓንሽን ጆይንት ከተሠራ ሙቀትና ቅዝቃዜ ራሳቸው ይከፍሉታል፤ ስንጥቁም መሐንዲሱ በመረጠው ቦታ አይወጣም። በሌላ በኩል ጆይንቱ ያለ ስሌት የገባ እንደሆነ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ምሰሶዎች የትኛው የየትኛውን ወለል ሸክም እንደሚይዝ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ መሐንዲስ ሕንፃን መክፈል ፈጽሞ አይገባም አይልም፤ የሚጠይቀው፣ ከተከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ሸክም በየት በኩል ወደ መሠረቱ እንደሚወርድ ነው።

መ. የካ አባዶና የከተማዋ ጫፍ

ጉዳዩ ሩቅ እንዳይመስል ወደ አዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ እንመለስ። በየካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹ ባለቁበት የከተማው አስተዳደር ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር የኦሮሚያ ነው። ጎረቤቱ ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃሎ የሸገር ከተማ አካል ሆኗል። ከየካና ከቦሌ ክፍለ ከተሞች ተወስዶም ለሚ ኩራ የተባለ ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል የአስተዳደር መስመር ተስሏል።

መልክዐ ምድሩ ግን ሌላ መስመር አለው። የእንጦጦ ተራራ ጀርባ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያ ነው። በሰሜኑ በኩል የወረደው ዝናብ በሙገር በኩል ወደ ዐባይ ይሄዳል። በደቡቡ በኩል የወረደው በቀበናና በቀጨኔ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ፣ በመጨረሻም ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ይወርዳል። ስለዚህ በየካ ተራራ ግርጌ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ የአዲስ አበባ፣ የኦሮሚያና የአፋር ጉዳይ ነው። ማንኛውም የወሰን ችካል ይህን አይለውጠውም።

የመጠጥ ውሃውም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ የምትጠቀምባቸው የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ሁሉ ከከተማዋ ወሰን ውጪ፣ በኦሮሚያ ምድር ላይ ይገኛሉ። ሕገ መንግሥቱ ይህን ግንኙነት ሳያስበው አልቀረም። አንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ አገልግሎት አቅርቦትን፣ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምንና የጋራ አስተዳደርን በሚመለከት ያለው ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅለት፣ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ይደነግጋል። ረቂቅ ሕጉ ለተወካዮች ምክር ቤት የደረሰው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ያም ሳይጸድቅ ቀረ። ሕጉ በሌለበት መካከል በ2006 ዓ.ም. የከተማዋንና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ወጣቶችም ሞቱ። በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው በበለጠ ኀይል ተመልሶ መጣ፤ በጥር ወር ዕቅዱ መሰረዙ ተነገረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሳቢያ እንደገና ተቃውሞ ሆነ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰናቸው ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ ኮዬ ፈጬም ወደ ኦሮሚያ ተካለለ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው የሰንዳፋ ነገር ነው። በየካ በኩል ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከለገጣፎ አልፎ በሰንዳፋ አካባቢ፣ ለአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ የሚሆን ዘመናዊ ሥፍራ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውን፣ ወደ ወንዝ የሚወርደውን ፍሳሽና በከብቶቻቸው ላይ ደረሰ ያሉትን ጉዳት ጠቅሰው ተቃወሙ። ሥፍራው ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ የከተማዋም ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከማችበት ወደኖረው ወደ ረጲ፣ ማለትም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ በግርጌው ይኖሩ የነበሩ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ለዚህ አደጋ አንድ ብቻ ምክንያት መስጠት ከሙያ ሥነ ምግባር ውጪ ነው። የክምሩ ቁልቁለት፣ በውስጡ የሚሰርገው ውሃና የቤቶቹ ቅርበት እያንዳንዳቸው ሊጠየቅባቸው የሚገባ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የሰንዳፋ ሥራ የወደቀው በጂኦሜምብሬኑ ውፍረት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ጥቅሙ በወሰኑ በአንድ ወገን፣ ጉዳቱ በሌላው ወገን የሚውል ሥራ ነበር። ገበሬው ለደረሰበት ጉዳት ማንን ከሶ በማን ፊት እንደሚካስ የሚወስን፣ በሁለቱም ወገን የታመነ የጋራ አካል አልነበረም። ግልገል ጊቤ 3 የክልሉን መከፈል ችሎ ሲቆም ሰንዳፋ ለምን ወራት ሳይቆይ ተዘጋ ለሚለው ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ራሷን የቻለች ክልል ትሁን የሚሉ አሉ። የኦሮሚያ አካል ትሁን የሚሉም አሉ፤ እንዳለች በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ትቆይ የሚሉም እንዲሁ። ሦስቱም ወገኖች ክርክራቸውን ከታሪክና ከመብት ያመጣሉ። ነገር ግን ከሦስቱ የትኛውም ቢያሸንፍ፣ በማግሥቱ ጧት ውሃው ከለገዳዲ መምጣቱ፣ ፍሳሹም ወደ አቃቂ መውረዱ አይቀርም። ለዚህ ጧት ያልተዘጋጀ ድል ለማንም አይጠቅምም።

ሠ. የሌሎች አገሮች ልምድ

ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ነጻ ስትወጣ ሦስት ክልሎች ነበሯት። በ1967 ወደ 12፣ በ1976 ወደ 19፣ በ1996 ወደ 36 ከፍ አሉ። ጥያቄው ግን አላቆመም፤ በእያንዳንዱ አዲስ ክልል ውስጥ አዲስ ጥቂት ወገን ይገኛልና። ብዙዎቹም ክልሎች በራሳቸው ገቢ መቆም ስላልቻሉ ከማዕከል በሚሰጥ ገንዘብ ላይ ተደግፈው ይኖራሉ።

ህንድ ሌላ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ቴላንጋና ከአንድራ ፕራዴሽ ስትለይ፣ ለዚሁ የወጣው ሕግ ሃይደራባድ ከአሥር ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ የሁለቱም ዋና ከተማ እንድትሆን ወሰነ። የሚካፈሉትን ተቋማት በአባሪ ዘረዘረ። ለክሪሽናና ለጎዳቫሪ ወንዞችም የጋራ ቦርዶችን አቋቋመ። የአሥሩ ዓመት ገደብ በ2024 አብቅቷል። የውሃ ክርክራቸው ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚካሄድበት ጠረጴዛ ከመለያየታቸው ጋር አብሮ ተሠርቷል። በስዊዘርላንድ ደግሞ ጁራ እ.ኤ.አ. በ1979 ከበርን ተለይታ ካንቶን የሆነችው ሕዝቡ በደረጃ በደረጃ፣ በየወረዳውና በየቀበሌው ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው። መለየት ያልፈለጉት የደቡብ ወረዳዎች ከበርን ጋር ቀሩ።

ረ. ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት

አዳዲስ ክልሎችን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር በቀላሉ ሊናቅ አይገባም። ከጂንካ ወይም ከማጂ ተነሥቶ ለአንድ ፊርማ ሐዋሳ ድረስ ይሄድ የነበረ ሰው፣ የመንግሥት ቢሮ ሲቀርበው የሚሰማው እፎይታ እውነተኛ ነው። በገዛ ቋንቋው መዳኘትና መማርም እንዲሁ። በአንጻሩ በእያንዳንዱ መከፈል አዲስ ካቢኔ፣ አዲስ ቢሮና አዲስ ተሽከርካሪ እንደሚመጣ፣ ወሰንም በተሰመረ ቁጥር በሁለቱ ወገን ተደባልቆ የሚኖረው ሕዝብ ስጋት ላይ እንደሚወድቅ የሚያስጠነቅቁት ወገኖች ከእውነት አልራቁም። በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል ያለው የወሰን ክርክር ምን ያህል ደም እንዳፈሰሰ ሁሉም ያውቃል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ያን ክርክር ወደ ሕገ መንግሥቱ መልሶታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 48፣ ክልሎች ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና ፍላጎትን መሠረት አድርጎ እንዲወስን ያዝዛል።

መሐንዲሱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሊያደርግ የሚችለውና የሚገባው፣ ዳኛውም ሕዝቡም ሲወስኑ የሚወስኑትን ነገር በሙሉ እንዲያዩ ማድረግ ነው።

ሰ. ወሰን ከመሰመሩ በፊት

ስለዚህ ክልል ለመጨመር፣ ለማጣመር ወይም ለመክፈል ሲታሰብ ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት አራት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል።

1ኛ/ የጋራ ሥራዎች መዝገብ። ወሰኑ የሚነካቸው ግድቦች፣ ጉድጓዶች፣ ቱቦዎች፣ መንገዶች፣ የቆሻሻ ማስወገጃዎችና ሕንፃዎች በዝርዝር ይመዝገቡ፤ ዕድሜያቸው፣ ያለባቸው ዕዳና ዓመታዊ የጥገና ወጪያቸውም አብሮ ይጻፍ።

2ኛ/ የተፋሰስ አካል። በአንድ ወንዝ የሚገናኙ ክልሎች የጋራ ቦርድ ይኑራቸው። በላይኛው ወገን ጉዳት የሚደርስበት ገበሬም ሆነ በታችኛው ወገን ውሃ የሚጠብቀው ከተሜ አቤት የሚልበት በር ይህ ይሁን። የአዋሽና የአቃቂ ነገር ለመጀመሪያው ሙከራ የተመቸ ነው።

3ኛ/ የክፍፍል ስምምነት። የንብረት፣ የዕዳና የሠራተኛ ድልድል ከድምፁ ቀን በፊት ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጽ። መራጩ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ወጪውንም አውቆ ይምረጥ።

4ኛ/ ቁርጥ ያለ የሽግግር ጊዜ። የጋራ ከተማም ሆነ የጋራ ተቋም እስከ መቼ የጋራ እንደሚሆን፣ ጊዜው ሲያልቅ ምን እንደሚተካው፣ ከሁለቱ አንዱ ወገን ቢፈርስስ ግዴታው ለማን እንደሚተላለፍ ይወሰን።

እነዚህ አራት ነገሮች ክልል የመሆን መብትን ለማዘግየት ሰበብ እንዳይሆኑ ያስፈልጋል። አንቀጽ 47 የሰጠው አንድ ዓመት ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ያ ዓመት እንዲሁ ሲባክን ምን እንደሚከተል በ2011 ዓ.ም. ታይቷል። የመጀመሪያውን መዝገብ ለማዘጋጀት ደግሞ የማንም ትእዛዝ አያስፈልግም። ማኅበሩ አባላቱን በየተፋሰሱ አደራጅቶ፣ ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች አንሥቶ እስከ አቃቂ ድረስ ያሉትን ሥራዎች በመመዝገብ ሊጀምር ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፤

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው የባለ እጅ ምክር ለጨርቅና ለእንጨት ብቻ የተባለ አይደለም። የክልሎችን ቁጥር መወሰን የሕዝብ ፈንታ ነው። መለካቱ ግን የሙያተኛው ዕዳ ነው፤ ይህን ዕዳ ሳይከፍል የቀረ ሙያተኛም ከተቆረጠ በኋላ ለሚደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት አያመልጥም።